ማስጠንቀቂያው ሳይወጣ

የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ማክሰኞ ጠዋት እንደሚመጣ ለሠራተኛው የተነገረው ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሆሳዕና የሚገኘው የሸማቾች ድምፅ ማዕከል ቢሮ ሠርግ እንደደረሰበት ቤት ተተራመሰ። የተሰበሩ ወንበሮች ወደ ጓሮ ወጡ፤ የተቀዳደደው ፖስተር በአዲስ ተተካ፤ ለወራት ጨለማ የነበረው የደረጃ መብራት በአንድ ቀን ተጠገነ። ማዕከሉ ሸማቾች የሚያቀርቡትን አቤቱታ ተቀብሎ የሚመረምርና ስለ እነሱ የሚሟገት የመንግሥት ተቋም ነው። እሱን የሚቆጣጠረው ደግሞ ይኸው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው በዚህ ዙር ካልረካ ማዕከሉ ፈርሶ ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ይቀላቀላል የሚል ወሬ ከተማው ውስጥ መናፈስ ከጀመረ ቆይቷል።

የቅሬታ ክፍሉን የምትመራው አቢጋኤል ግን በወሬው አልነበረም የምትጨነቀው። እሷን እንቅልፍ የነሳት ቀይ ማዞሪያ ያለው የጋዝ ሬጉሌተር ነው፤ ሲሊንደሩ አፍ ላይ ተገጥሞ ጋዙን እየመጠነ ወደ ምድጃው የሚያሳልፈው ትንሽ ዕቃ። ከጥቂት ወራት በፊት ዋጋው ረከስ ያለ አዲስ ዓይነት ገበያው ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሱምያ የምትባል ወጣት እናት ሁለት እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ከሆመቾ መጣች። እሳቱ የተነሳው ከምድጃው ሳይሆን ከሲሊንደሩ አናት ላይ መሆኑን ተናገረች። እስክሪብቶ መያዝ ስላልቻለች አቤቱታዋን የጻፈችላት አቢጋኤል ናት። ከእሷ በኋላ ከዳምቦያ አንዲት ሴት፣ ቀጥሎም ከዚያው ከሆሳዕና ሻይ ቤት ያለው አንድ ሰው መጣ። የሁሉም ሬጉሌተር ቀይ ማዞሪያ ነበረው።

አቢጋኤል ሬጉሌተሮቹን ለምርመራ አዲስ አበባ ላከች። በአካባቢው ሬዲዮ የሚነገር አጭር ማስጠንቀቂያም ጽፋ ለዳይሬክተሩ ለአቶ ሆሴዕ ሰጠቻቸው። እሳቸው አንብበው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡትና የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ እንዲህ ያለ ነገር በሬዲዮ ቢነገር፣ አስመጪውም ቢከስ፣ ፍርድ ቤት ምን ይዘው እንደሚቆሙ ጠየቋት።

አቶ ሆሴዕ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለብዙ ዓመታት ዳኛ ሆነው ስለሠሩ ያለ ማስረጃ መናገር እንደ ነውር ይታያቸዋል። በዚያ ላይ ባለፈው ዓመት ማዕከሉ ሳያጣራ የአንድ ሳሙና ነጋዴን ስም አጥፍቷል ተብሎ በዚሁ ኮሚቴ ፊት ክፉኛ ተወቅሰዋል። ያን ቀን ከአዳራሹ ሲወጡ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ በእግራቸው ወደ ቤታቸው እንደሄዱ አቢጋኤል ታስታውሳለች። ከዚያ በኋላ ማዕከሉ አንድም ማስጠንቀቂያ በሬዲዮ አላስነገረም።

ሳምንታት አለፉ። አቢጋኤል አዲስ አበባ በደወለች ቁጥር ዕቃው ወረፋ ላይ ነው ይሏታል። ለኮሚቴው በተዘጋጀው ሪፖርት ላይ የጋዙ ጉዳይ "በሂደት ላይ ያሉ" ከሚለው ርዕስ ሥር ገባ፤ አንዲት መስመር ብቻ ሆኖ።

ቅዳሜ ዕለት ታላቅ እህቷን ማራኪን ልትጠይቅ ዱራሜ ወረደች። ማራኪ አግብታ ዱራሜ ከገባች ጀምሮ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ቁርስ ቤት አላት። ቀድሞ በከሰል ነበር የምትሠራው። አቢጋኤል ስትገባ ግን እህቷ እየሳቀች ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደቻት፤ ከዕቁብ በደረሳት የገዛችውን አዲስ የጋዝ ምድጃ ልታሳያት ቸኩላ ነበር። መጥበሻው ላይ እንቁላል ይንጫጫል። ከምድጃው ሥር፣ ከጤፍ ጆንያው አጠገብ፣ ሲሊንደሩ ቆሟል። አናቱ ላይ ያለው ማዞሪያ ቀይ ነው።

 አቢጋኤል እህቷን ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለችና ጋዙን ዘጋች። ሬጉሌተሩንም ፈታችው። ማራኪ መጀመሪያ የቀለደች መስሏት ሳቀች፤ ቀጥሎ ደንበኞቿ እየጠበቁ መሆኑን እያነሳች ተቆጣች። አቢጋኤል ሬጉሌተሩን በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ የሱምያን እጅ እንዳየችው ነገረቻት። ማራኪ የመጥበሻውን እጀታ እንደያዘች ሰማቻት። ከዚያ ቁጣዋ ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

"ገነቴም እንደዚሁ ነው ያላት፤ አብረን ነው የገዛነው" አለች።

ገነቴ በአጎራባች ክፍል ብስኩትና ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት። የሁለቱ ቤት ግድግዳ አንድ ነው። በዚያ መደዳ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ በጋዝ የሚያበስሉ ናቸው፤ ሬጉሌተሩንም ተመካክረው ከአንድ ሱቅ ነበር የገዙት። አቢጋኤል ይህን ስትሰማ ወዲያው ተነስታ ቤት ለቤት መዞር አማራት። ግን አልተነሳችም። እሷ የማዕከሉ ሰው ናት። ዛሬ እሷ ተናግራ ነገ ውጤቱ ዕቃው ደህና ነው ቢል፣ ማክሰኞ ኮሚቴው ፊት አቶ ሆሴዕ ምን ይላሉ? ባለፈው ዓመት የሳሙናው፣ ዘንድሮ የጋዙ ይባላል። ማዕከሉ ቢፈርስ ደግሞ ከሆመቾ እጇን ታቅፋ የምትመጣ ሴት የማንን በር ታንኳኳለች?

ይህን ሁሉ ለእህቷ ለማስረዳት ሞከረች። ገና አልተረጋገጠም፤ እስከ ማክሰኞ ለማንም አትናገሪ አለቻት።

ማራኪ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። "ለእኔ ከተረጋገጠ ለገነቴ ያልተረጋገጠው እንዴት ነው?"

 ከሰዓት በኋላ አቢጋኤል ወደ ሆሳዕና በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ስትቀመጥ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛው ነበር። በመስኮቱ ሀምበሪቾ ተራራ ጉም ለብሶ ይታያል። ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ስለ ማሽላ ዋጋ ቢያጫውቷትም አንዱንም አልሰማችም። እሑድ ጸሎት ላይ ቆማም የምታስበው ያን ግድግዳ ነው።

ሰኞ ማለዳ በሆሳዕና ገበያ ሬጉሌተሩን ይሸጥ ወደነበረው ወደ ፈትሁዲን ሱቅ ሄደች። ይቆጣኛል ብላ ነበር የገባችው። ፈትሁዲን ግን ወንበር አቀረበላትና የሱምያ ባል መጥቶ ካናገረው ቀን ጀምሮ ዕቃውን ከመደርደሪያው ማውረዱን ነገራት። የሚያመጣለትን አስመጪ ጠይቆት፣ ጥፋቱ የሕዝቡ አያያዝ ነው የሚል መልስ አግኝቷል። ለማን ለማን እንደሸጠው አያውቅም፤ ገበያተኛው ከየገጠሩ የመጣ ነው። ማታ ማታ ባለቤቱ ሃቢባ፣ ስንት ቤት ገብቶ ይሆን እያለች እንደምትጨነቅ ተናገረ።

"እናንተ በሬዲዮ ብትናገሩ ይመልሱልኝ ነበር፤ እኔ ብቻዬን ገበያ መሃል ቆሜ ብጮህ ግን አበደ ነው የሚሉኝ" አላት።

አቢጋኤል በሩጫ ወደ ቢሮ ተመልሳ ይህንኑ ለአቶ ሆሴዕ አወራችላቸው። ሻጩ ራሱ ማስጠንቀቂያው እንዲወጣ ይፈልጋል፤ ታዲያ የምንፈራው ማንን ነው አለቻቸው። አቶ ሆሴዕ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። እሳቸውም ተኝተው ያደሩ አይመስሉም ነበር። የሚከሰው ሻጩ ሳይሆን አስመጪው እንደሆነ፣ ማዕከሉ ሌላ ስህተት የሚሸከም ትከሻ እንደሌለው ቀስ ብለው አስረዷት። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ኮሚቴው ይሂድ፤ ረቡዕ እናወጣዋለን። ነገ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ፤ አደራ" አሏት።

አንድ ቀን ነው፤ አንድ ቀን ምን ያመጣል እያለች ራሷን ስታጽናና አመሸች። ደግሞ ወዲያው፣ በአንድ ቀን ስንት ምድጃ ይለኮሳል ብላ ታስባለች። ለማራኪ ልትደውል ስልኳን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

ማክሰኞ አዳራሹ ገና በማለዳ ሞላ። ኮሚቴውን የሚመሩት ወይዘሮ ተናኜ ረጅም ዘመን ያስተማሩ፣ ንግግራቸው ለስለስ ያለ ሴት ናቸው፤ ጥያቄ ጠይቀው መልሱ እስኪያልቅ ተናጋሪውን ዓይን ዓይኑን ያያሉ። አቶ ሆሴዕ ሪፖርቱን አነበቡ። ከአባላቱ መሃል አቶ ሽብሩ የሚባሉት ስለ መኪና ነዳጅ፣ ስለ ክፍት የሥራ መደቦች፣ ማዕከሉ በየወረዳው ለምን እንደማይታወቅ ጠየቁ። አቶ ሆሴዕ ለሁሉም አጥጋቢ መልስ ሰጡ። አቢጋኤል ከኋላቸው ባለው ረድፍ ተቀምጣ የእያንዳንዱን ገጽ መገለጥ እየተከታተለች ነበር። ያቺ መስመር እየቀረበች ነው። ምናልባት ሳያዩዋት ያልፏት ይሆናል ብላ ተመኘች፤ በመመኘቷም አፈረች።

በዚህ መሃል ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። አጮልቃ አየችው፤ ማራኪ ናት። ማራኪ በሥራ ሰዓት ደውላላት አታውቅም። ጥሪው ተቋርጦ ወዲያው እንደገና ነዘረ። ለሦስተኛ ጊዜም ነዘረ።  አቢጋኤል ተነስታ እንዳትወጣ ወይዘሮ ተናኜ በዚያው ቅጽበት ያቺን መስመር እያነበቡ ነበር።

"የጋዝ ሬጉሌተርን በሚመለከት የቀረበ አቤቱታ፣ በሂደት ላይ ይላል። ምንድን ነው ነገሩ?" አሉ።

አቶ ሆሴዕ ሰዎች መቃጠላቸውን አልደበቁም። ናሙና መላኩን፣ ውጤት እየተጠበቀ መሆኑን አስረዱ። ወይዘሮዋ ራሳቸውን ነቅንቀው ሰሟቸው። ከዚያ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ያ ዕቃ ቤቷ ያለ ሴት አደጋውን በምን እንደምታውቅ ጠየቁ። አቶ ሆሴዕ ስለ ሕጉ፣ ስለ ማስረጃ ምዘና ማብራራት ጀመሩ። የአቢጋኤል ስልክ አሁንም ነዘረ። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፤ ድምፁ ለአዳራሹ ሁሉ የሚሰማ መሰላት። ወይዘሮ ተናኜ ቀና ብለው አዩዋት።

"የቅሬታ ክፍሉን የምትመሪው አንቺ ነሽ አይደል? አንቺ ንገሪኝ፤ ማን ያውቃል?"

አቢጋኤል ተነሳች። የተጠየቀችውን ብቻ ልትመልስ ነበር ሐሳቧ፤ የተጠየቀችው ግን ይኸው ነው።

"እህቴ ታውቃለች" አለች። "ቅዳሜ ዕለት ዱራሜ ሄጄ ከሲሊንደሯ ላይ በእጄ ፈታሁት። ጎረቤቷ ግን አታውቅም። ያው ዕቃ አላት፤ ግድግዳቸው አንድ ነው፤ ሳልነግራት መጣሁ። ከእህቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።"

 አቶ ሽብሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። አቶ ሆሴዕ ወደ ኋላ አልዞሩም፤ አቢጋኤል አንገታቸው ሲቀላ ብቻ አየች። አሁን አለቀልን ብላ አሰበች። ማዕከሉም እኔም አለቀልን።

የተናገሩት ግን አቶ ሆሴዕ ናቸው። "ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ከተሰጠኝ ቆይቷል" አሉ። "እሷ አይደለችም ያቆየችው። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።" ለምን ተብለው ሲጠየቁ ያለ ውጤት ተናገራችሁ እንዳይባሉ ፈርተው እንደሆነ መለሱ። ማን እንዳይል ነው የፈሩት ሲባሉ ግን ቀና ብለው ወይዘሮ ተናኜን አዩዋቸው።

ወይዘሮ ተናኜም ገባቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ለአባሎቻቸው እንዲህ አሉ፦ "ባለፈው ዓመት በሳሙናው ጉዳይ እዚሁ ነበር የወቀስናቸው። አጣሩ ማለታችን ልክ ነበር። ዝም በሉ እንዳልናቸው ግን አላወቅንም።" ወደ አቶ ሆሴዕ ዞረው ምርመራው እስኪያልቅ ሕዝቡ እንዳይጠቀም ማሳሰብ፣ ጥፋተኛ ነው ብሎ ከመፍረድ እንደሚለይ ለቀድሞ ዳኛ አይጠፋም አሉ። ይህን ያህል ጊዜ መቆየቱ በሪፖርታቸው እንደሚሰፍርም ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። ከዚያ ስብሰባውን አቋርጠው ማስጠንቀቂያው አሁኑኑ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው እንዲላክ ጠየቁ። አቶ ሆሴዕ ራሳቸው ተነስተው ወጡ።

አቢጋኤል ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደወለች። ማራኪ ስልኩን ስታነሳ መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሿ ብቻ ነበር። ከዚያ እየተቆራረጠ አወራችላት። ማራኪ አትናገሪ የተባለችውን አልጠበቀችም፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለገነቴ ነግራታለች። ለሌሎቹም ነግራለች። አንዳንዶቹ ሰምተዋት ፈትተው አስቀመጡ። ገነቴ ግን አላመነችም። እንዲህ ያለ አደጋ ቢኖርማ በሬዲዮ ይነገር ነበር፤ መንግሥት ያላለውን አንቺ ከየት አመጣሽው ብላ ስቃባታለች። ዛሬ ጠዋት ዘይት አሙቃ ብስኩት ልትጥል ስትል እሳቱ ከሲሊንደሩ አናት ተነሳ። ጎረቤት አሸዋና እርጥብ ጆንያ ይዞ ደርሶ አጠፋው። ቤቱ ተርፏል፤ ገነቴ ግን ቀኝ ክንዷና አንገቷ ሥር ተቃጥሏል። ሆስፒታል ናት።

አቢጋኤል ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። በስልኩ ማራኪ ስሟን ደጋግማ ስትጠራ ይሰማታል።

ያን ዕለት ከሰዓት ማስጠንቀቂያው በአማርኛ፣ በሀዲይኛና በከምባትኛ ተነገረ። አቢጋኤል የሰማችው ወደ ዱራሜ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ወዲያው ስልኳን አውጥታ ቤቷ ደወለች፤ ማዞሪያው ምን ቀለም ነው፣ እየው እስቲ ትላለች። መልሱን ሰምታ፣ እንዳትነካው፣ በሩን ክፈተው አለች። ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስለ ሬዲዮው ማውራት ጀመረ። አቢጋኤል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

ገነቴ በሆስፒታሉ ክፍል ጥግ ባለው አልጋ ላይ ክንዷን በትራስ ላይ ዘርግታ ተኝታ ነበር። ማራኪ አጠገቧ ተቀምጣ በማንኪያ ውሃ ታጠጣታለች። እህቷን ስታይ ተነስታ ቦታውን ለቀቀችላት፤ አልሳመቻትም፤ አልተቆጣቻትምም።

"እህት ገነቴ፣ ቅዳሜ በደጃፍሽ አልፌያለሁ" አለች አቢጋኤል። "አውቅ ነበር። ሳልነግርሽ ነው ያለፍኩት።"

 ገነቴ ከሕመሟ የተነሳ ቃሉን የምታወጣው አንድ በአንድ ነበር። "ማራኪ ነግራኝ አላመንኩም" አለች። "አንቺ ብትነግሪኝ አምን ነበር። የማዕከሉ ሰው ነሻ።"

ከዚያ በላይ አልወቀሰቻትም። አቢጋኤል ግን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ብላ ኋላ ለማራኪ ነግራታለች።

ውጤቱ የመጣው ኮሚቴው ተመልሶ ከሄደ ብዙ ቆይቶ ነው። ሬጉሌተሩ ውስጥ ያለው ላስቲክ በሙቀት እየላላ ጋዝ ያስተላልፋል ይላል። በዚያን ጊዜ ፈትሁዲን ሱቅ ውስጥ ሰዎች የመለሱት በካርቶን በካርቶን ተከምሮ ነበር፤ አስመጪው ተገዶ ዕቃውን ሰብስቧል፤ ለተቃጠሉት ካሳ እንዲከፍልም ማዕከሉ ክስ መሥርቶበታል። ኮሚቴው በሪፖርቱ ማዕከሉ እንዲቀጥል፣ የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲደርሰውም ውጤት ሳይጠብቅ እንዲያሳስብ ወሰነ። አቶ ሆሴዕ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ኃላፊነታቸውን ልልቀቅ ብለው ነበር፤ ክሱን ሳይጨርሱ እንዳይሄዱ የለመነቻቸው አቢጋኤል ናት። አንድ ቀን ሁለቱ ለብቻቸው ሆነው ሲሠሩ ሳሉ፣ ያን ማክሰኞ ስትነሺ ተቀመጪ ልልሽ ነበር አሏት። ለምን አላሉኝም ስትላቸው አላውቅም ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አቢጋኤልን ግን ያ ፍርሃት አልለቀቃትም። መልኩን ነው የለወጠው። አሁን የምትፈራው የምትናገረውን ሳይሆን ሳትናገር የምታሳድረውን ነው። አንድ አቤቱታ ሲመጣ ዛሬ ይህን ያላወቀ ማን አለ ብላ ትነሳለች፤ አንዳንዴ ባልደረቦቿ በዛ ይሏታል።

ገነቴ ፋሻዋ ከተፈታ በኋላ ቤቷን ከፈተች። አቢጋኤል ልትጠይቃት ስትሄድ ቁስሉ ጠባሳ ሠርቶ፣ ክንዷን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት እንዳቃታት አየች። ብስኩቱን የምታገላብጠው በግራ እጇ ነው፤ በከሰል። ጥግ ላይ ሰማያዊ ማዞሪያ ያለው አዲስ ሬጉሌተር ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ባሏ ነው የገዛላት፤ እሷ ግን ልትገጥመው አልደፈረችም።

"ይኼኛውስ ደህና ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

አቢጋኤል ካርቶኑን አንስታ አገላብጣ አየችው። ጽሑፉን አነበበች፤ ማዞሪያውንም በጣቷ ሞከረች። ደህና ነው ብላ ማረጋጋት ትችል ነበር፤ ገነቴም ያንን መስማት ፈልጋለች።

"አላውቅም" አለቻት። "ገና አላስመረመርነውም። እስከማውቅ በከሰሉ ሥሪ። ባወቅኩ ቀን ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ።"

ገነቴ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ድስቱ ዞረች። አቢጋኤል ከዚያ ወጥታ ይህንኑ ልትነግር በመደዳው ወዳለው ቀጣይ ቤት ሄደች፤ በሩንም አንኳኳች።